የአያቴ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ጫፉ ቀዳዳ ቀንድ፣ ምን ይሆን?

ኮተታም፣ እሁድ ከቀኑ 9፡20

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ ትናንት ሳጥኗን ከፈትነው። ያው የምታውቁት የቆርቆሮ ሳጥን ነው፣ አበባ የተሳለበት። ቁልፉ ስለጠፋ በመዶሻ ነው የሰበርነው። አብዛኛው ልብስና የእድር ደረሰኝ ነው። ከሁሉም ስር ግን በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለሉ ሦስት ዕቃዎች ወጡ። ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ስለነበር እናቴ ጠቅልላ ልትሰጠው ነበር፣ ከእጁ ፈልቅቄ ነው ያስቀረሁት።

አንደኛው ትንሽ ቀንድ ነው። ርዝመቱ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ሰፊው አፉ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጫፉ ተቆርጦ የክብሪት እንጨት የምታስገባ ቀዳዳ ወጥቶለታል። ቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር የደረቀ ነገር ተለጥፏል። ሰፊው አፉ ደግሞ እንደ ሲኒ ጠርዝ ልሙጥ ነው።

ሁለተኛው ድፍን ብረት፣ 32 ሳንቲ ሜትር። መሃሉ አውራ ጣት ያህል ወፍራም ሆኖ ወደ ሁለቱም ጫፍ እየቀጠነ ይሄዳል። ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መሃሉ ያብረቀርቃል።

ሦስተኛው ጣት የማታክል ቁራጭ ቆርቆሮ ናት፣ ጫፏ ላይ ፀጉር የመሰለ ሽቦ የተተከለባት።

እናቴን ጠየቅኳት። ብረቱን «እኔ እንጃ» አለች። ቀንዱን ስታይ ግን ፊቷን አዙራ «ጣለው» ብቻ አለችኝ። ለምን ስላት አትመልስም። ፎቶ አያይዣለሁ። የምታውቁ እስቲ ተናገሩ።

አራዳው፣ እሁድ 9፡31

ጥሩምባ ነዋ! ንፋው እስቲ። ድምፅ ካወጣ እድሩ ይቀጥርሃል፣ ሥራ ፈት ሆነህ ከምትቀር።

ኮተታም፣ እሁድ 9፡40

ነፋሁት። ፊሽሽ አለ እንጂ ድምፅ የሚባል የለውም።

ወሎዬዋ፣ እሁድ 9፡52

ቆርቆሮዋን እኔ ልንገርህ፣ እሷ ቀላል ናት። በቦምባ እየተነፋ የሚነደው የላምባ ምድጃ፣ ፕሪሙሱ፣ የእሱ መርፌ ናት። ላምባው የሚወጣባት ቀዳዳ በጥቀርሻ ስትደፈን እሳቱ ቢጫ ይሆንና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ያኔ በዚህች ሽቦ ትወጋታለህ። እኛ ቤት መርፌዋ ስትጠፋ ጎረቤት ለጎረቤት ነበር የምንሯሯጠው። ትንሽ ስለሆነች ሁልጊዜ ትጠፋለች፣ አያትህም ለዚህ ነው ሳጥን ውስጥ የከተተቻት።

ጠገራ፣ እሁድ 10፡05

ወሎዬዋ ልክ ናት። ምድጃውን ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድቅቪስት በ1892 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው፣ እኛም አገር ረጅም ዕድሜ ቆይቷል። ምድጃው ራሱ ካለህ እንዳትሸጠው፣ ነሐሱ ያምራል። መርፌዋ ግን ዋጋ የላትም።

ኮተታም፣ እሁድ 10፡11

ምድጃውን ቁራሌው ድሮ ነው የወሰደው 😭 ስለ ቀንዱስ?

የቆሎ ተማሪ፣ እሁድ 11፡30

ወንድሜ፣ ሳየው የቀለም ቀንድ መሰለኝ። ብራና የሚጽፍ ሰው ቀለሙን በቀንድ ነው የሚይዘው። አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። ሹል ጫፉን መሬት ይተክለውና ከጎኑ ተቀምጦ ብርዑን እየነከረ ይጽፋል። ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ነገር የደረቀ ቀለም ሊሆን ይችላል። አያትህ ቤት ካህን ነበረ ወይ?

ኮተታም፣ እሁድ 11፡44

የአያቴ ወንድም ዲያቆን ነበር ይባላል። ግን ቀዳዳ አለው እኮ፣ ቀለሙ አይፈስም?

የቆሎ ተማሪ፣ እሁድ 11፡50

አሃ፣ ቀዳዳውን ልብ አላልኩትም። ፎቶው ላይ ጥላ መስሎኝ ነበር። እንግዲያ አይደለም። የቀለም ቀንድ ጫፉ ድፍን ነው፣ አለዚያማ ድርሳኑ ሳይሆን መሬቱ ነው የሚጻፈው። ይቅርታ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ማታ 1፡15

የባሩድ ቀንድ ነው። መቶ በመቶ። የአድዋ ዘማች የሆነ ቅድመ አያት አለህ ማለት ነው። እዚህ አሜሪካ እንደዚህ ያለ ነገር ግድግዳ ላይ ሰቅለው ያያሉ። ዋጋ ቁረጥልኝና የሚመጣ ሰው ልላክ፣ በሻንጣ ይይዘዋል።

ጠገራ፣ እሁድ ማታ 1፡40

ቀስ በል ወንድሜ። መጀመሪያ ነገር በ1888 አድዋ ላይ አብዛኛው መሣሪያ በጥይት የሚሠራ ነበር። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ የፈረንሳይ የ1874 እ.ኤ.አ. ሞዴል ነው፣ ስሙም «ፉዚ ግራ» የሚለው አፋችን ላይ ሲዞር የመጣ ነው። ባሩድ በአፈሙዝ የሚጨምሩበት ጠመንጃ ከዚያ በፊት የነበረ ነው።

ሁለተኛ፣ የባሩድ ቀንድ ሰፊው አፉ በእንጨት ወይ በቆዳ ይደፈናል። ካልተደፈነ ባሩዱ ይረጥባል። ስለዚህ ጠርዙ ዙሪያ የሚስማር ወይ የስፌት ቀዳዳ ይኖረዋል። ኮተታም፣ አለው?

ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር ቀንድ ስንት ጊዜ ያስተኩሳል? ሁለቴ ተኩሶ «ቆዩኝ ልሙላ» ሊል ነው?

ኮተታም፣ እሁድ ማታ 1፡52

ምንም የሚስማር ቀዳዳ የለውም። ልሙጥ ነው። እንዲያውም ጠርዙ ተፍቆ የሳሳ ይመስላል፣ ወደ መብራት ስይዘው ያሳልፋል።

አወያይ፣ እሁድ ማታ 2፡00

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚህ ገጽ ላይ መሸጥና መግዛት የለም፣ ሕጉን ታውቀዋለህ። ደግሞም በሻንጣ ይዞ መውጣት የሚባል ነገር አትልመድ። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የአያት ዕቃ ነው ብሎ ቦሌ ላይ መከራከር ብዙ ሰው ሞክሮት አልሆነለትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እሁድ ማታ 2፡08

እሺ እሺ፣ ተውኩት። ናፍቆት ነው።

የደብረ ዘይቱ፣ እሁድ ማታ 2፡30

ለከብት መድኃኒት ማጠጫ አይሆንም? አባቴ ላም ሲያማት በቀንድ ነበር መድኃኒት የሚግታት። በሰፊው አፍ ይጨመራል፣ በቀጭኑ ይፈስላታል። አጥብቀህ ካየህ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት ታገኛለህ።

ኮተታም፣ እሁድ ማታ 2፡47

ወይ ጉድ፣ አለ! የጥርስ ምልክት አለ። ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ትንንሽ ስርጉድ ነገሮች አሉ፣ ከላይም ከታችም። አገኘነው በቃ!

ባላገሩ፣ ሰኞ ጠዋት 12፡40

ልጄ፣ አትቸኩል። ላም የላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ሄደህ የላም አፍ ክፈትና እይ። ከታች ብቻ ነው ያላት፣ ከላይ ድድ ነው። አንተ ከላይም ከታችም አለ ነው ያልከው።

የደብረ ዘይቱ፣ ሰኞ 1፡10

ጋሼ፣ መንጋጋ አላት እኮ። ሲግቷት ደግሞ በጎን ነው የሚያስገቡት።

ባላገሩ፣ ሰኞ 1፡25

እሱስ እውነት ነው። ነገር ግን ላም በመንጋጋዋ ከነከሰችው ይህችን የምታህል ቀንድ ተርፋ አታይም፣ ትፈነክታታለች። ለከብት መጋቻ የሚሆነው ረዥም ቀንድ ነው፣ ክንድ የሚያህል። በዚህ ብትግታት እጅህ አብሮ ይገባል። ይሄ የሰው ጥርስ ነው። ሰው በጥርሱ ይዞ የሚሠራበት ዕቃ ነው።

ልጄ፣ አሁን የምነግርህን አድርግ። ያን ጥቁር ነገር እንዳትፍቀው። እንዳታጥበው። በጥፍርህ ቅንጣት ያህል ብቻ አንሳና በሁለት ጣትህ መሃል እያሸህ አሙቀው። ከዚያ አሽተው። የሸተተህን ጻፍልኝ።

አራዳው፣ ሰኞ 1፡31

ጋሼ ባላገሩ ፎረንሲክ ሆኑ 😂

የጽዳት ንግሥት፣ ሰኞ 2፡15

እኔ ብሆን በሎሚና በአሸዋ ፈትጌ በቅባት አሽቼ ነበር የማስቀምጠው። የእማዬን የነሐስ ዋንጫ እንደዛ አድርጌ እንደ አዲስ አበራሁት።

ጠገራ፣ ሰኞ 2፡20

እህቴ በማርያም! ስንት ዕቃ ነው በዚህ የሚጠፋው። ቆሻሻው እኮ ነው የሚናገረው። የነሐስ ዋንጫሽ ላይ የነበረውን ፈትገሽ ከጣልሽው በኋላ ጠላ ይጠጣበት ይሁን ጠበል ማን ያውቃል?

የጽዳት ንግሥት፣ ሰኞ 2፡24

ጠላ ነው፣ እማዬ ነግራኛለች። አታጨናንቀኝ።

ኮተታም፣ ሰኞ ከቀኑ 7፡05

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ሄጄ አደረግኩት። ጋሼ፣ መጀመሪያ ምንም አልሸተተኝም። ትንሽ ሳሸው ለሰለሰ፣ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ አሸተትኩት። ጧፍ ጧፍ ይላል! ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ።

አራዳው፣ ሰኞ 7፡09

ሰሙ ተገኘ፣ ወርቁ ቀረ።

የቆሎ ተማሪ፣ ሰኞ 7፡12

ይቺን ወደድኳት 👏

ባላገሩ፣ ሰኞ 11፡50

ሰም ከሆነ ነገሩ አለቀ። ዋግምት ነው።

የዛሬ ልጆች ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል፣ ዕቃውን ግን ብዙዎቻችሁ አላያችሁትም። ራሱን የሚያመው፣ ወገቡን የሚይዘው፣ «ደም በዝቶበታል» የተባለ ሰው ይታገማል። አጋሚዋ ሰፊውን አፍ ማጅራቱ ላይ ወይ ጀርባው ላይ ትደፋዋለች። ጫፉን በጥርሷ ያዝ አድርጋ በቀዳዳው አየሩን በአፏ ትስባለች። ቆዳው ወደ ውስጥ ይነፋል። ሰሙን ቀድማ አኝካ አፏ ውስጥ ይዛዋለች፣ ስባ ስትጨርስ ከንፈሯን ሳታነሳ በምላሷ ገፍታ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች። እጇን ብትለቅም ቀንዱ ተጣብቆ ይቀራል፣ አይወድቅም። ቆይታ ታነሳዋለች፣ ያበጠውን ቦታ በምላጭ ጫር ጫር ታደርገዋለች፣ መልሳ ትደፋዋለች። ጥቁር ደም ይወጣና ቀንዱ ውስጥ ይረጋል።

አሁን ዕቃህን መልሰህ እየው። ጠርዙ ለምን ልሙጥ ሆነ? ሸካራ ቢሆን አየር ያስገባል፣ አይዝም። ቀዳዳው ለምን ጠበበ? ሰም ሊደፍነው ስለሚገባ። ጥርሱ ለምን ከላይም ከታችም? አንተው ታውቀዋለህ። እኔ በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ስንቱን አይቻለሁ፣ የኛ ሰፈር አጋሚ አምስት ስድስት ቀንድ በክር አስራ ነበር የምትዞረው። ዋጋዋ እንቁላል ነበር።

ነርሷ፣ ሰኞ 11፡58

ቆይ ቆይ። ኮተታም፣ ጥሩምባ ነው ተብለህ ነፍተኸዋል አይደል? 😳

ኮተታም፣ ሰኞ ማታ 12፡10

...

አራዳው፣ ሰኞ ማታ 12፡12

እኔ የለሁበትም። ስልኬ ተሰርቆ ነው።

ነርሷ፣ ሰኞ ማታ 12፡20

አትደንግጥ፣ ስንት ዓመት የደረቀ ነገር ነው። አፍህን ተጉመጥመጥ፣ ዕቃውን ነክተህ እጅህን ታጠብ፣ በቃ። ግን ሌሎቻችሁ ይህን አንብባችሁ «እስቲ እኔም ልሞክረው» እንዳትሉ። አንድ ምላጭና አንድ ቀንድ በስንት ሰው ላይ ይዞር እንደነበር አስቡት። ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ የሚተላለፉት እንዲህ ባለው የደም ንክኪ ነው። ተረኛ ሆኜ ዋግምት ተደርጎላት ቁስሉ ያመረቀዘባትን ሴትዮ አይቻለሁ፣ እሷም «ራስ ምታቴ ግን ለቀቀኝ» ትለኝ ነበር። ምን ትላታለህ?

ሪያድ ያለሁት፣ ሰኞ ማታ 2፡45

እኔ ሥራ እዚህ ሪያድ ነው። ማዳም በየጊዜው ሂጃማ ትሄዳለች። አንድ ቀን አብሬያት ገብቼ አየሁት፣ ያው ዋግምት ነው! ቀንዱ የፕላስቲክ ኩባያ ሆኗል፣ በአፍ መሳቡ ቀርቶ ትንሽ ፓምፕ መጥቷል፣ ምላጩ አንዴ ተጠቅመውበት ይጣላል። «ይሄማ አያቴ የምትሠራው ነው» ስላት አላመነችኝም። ሂጃማና ማገም ቃሉስ ቢሆን አይቀራረብም?

ወሎዬዋ፣ ሰኞ ማታ 3፡00

እኛ አገር ሁለቱንም እንላለን። ሼኮቹ ሂጃማ ይላሉ፣ እማማዎቹ ዋግምት። ወረፋው ያው ነው።

ወጣቱ ሰብሳቢ፣ ሰኞ ማታ 3፡20

ከርዕሱ ልውጣና፣ እኔ ደግሞ ከአያቴ ያገኘሁት ትልቅ የብር ሳንቲም አለኝ፣ ሴትዮ ያለችበት። 1780 ይላል! ከ240 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሙዚየም ልውሰደው?

ጠገራ፣ ሰኞ ማታ 3፡28

ስሜን አይተህ ነው የጠየቅከው መሰለኝ 😂 ጠገራ ብር ነው፣ ማሪያ ቴሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ናት፣ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው። ቪየና ብቻም አይደለም። ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀሩ መትተውታል። ስለዚህ ያንተው በጣሊያን ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል። ክብደቱን መዝነው፣ 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ነጋዴዎቹ ድሮ ትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። ያልጠራ ከሆነ አንቀበልም ይሉ ነበር።

አወያይ፣ ሰኞ ማታ 3፡35

ለሳንቲም ሌላ ክር ክፈቱ። እዚህ ብረቱ ገና አልተፈታም።

የደብረ ዘይቱ፣ ማክሰኞ 2፡10

ብረቱ ዘነዘና ነው። በርበሬ መውቀጫ። አሁንስ አልሸነፍም።

ወሎዬዋ፣ ማክሰኞ 2፡30

ትሸነፋለህ 😄 ዘነዘና ጫፉ ይደፈጠጣል። ስንት ዓመት ሲወቅጥ የኖረ ብረት አፉ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። የዚህ ጫፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። የሚያብረቀርቀው ደግሞ መሃሉ ነው። ሥራው በመሃሉ ነው ማለት ነው።

መዳመጫ ነው። ጥጥ ከፍሬው የሚለይበት። ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ጥጡን እላዩ ታደርጊና ብረቱን በሁለት መዳፍ ይዘሽ ወደፊት ታንከባልዪዋለሽ። ፍሬው አያልፍም፣ ተስፈንጥሮ ወደፊት ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። መሃሉ መወፈሩ ለዚህ ነው። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ወደ እንዝርቱ ይኬዳል። እናቴ ስትዳምጥ ፍሬው ጣ ጣ እያለ ግድግዳውን ሲመታ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኛ ልጆቹ ፍሬውን ለቅመን ለበጉ እንሰጥ ነበር።

ኮተታም፣ ድንጋዩን ፈልገው። ብረቱ ካለ ድንጋዩ አለ።

ኮተታም፣ ማክሰኞ ከቀኑ 8፡00

እትዬ ወሎዬዋ፣ ልትገድዪኝ ነው። እኛ ግቢ ቧንቧው ስር አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ቢላ የምንስልበት ነው። አሁን አገላብጬ አየሁት። የታችኛው ፊቱ እንደ መስታወት ነው። ስንስልበት የኖርነው ጀርባው ላይ ነው ለካ።

ወሎዬዋ፣ ማክሰኞ 8፡06

እልልልልል! አዲሱ ቤት ስትገቡ እሱን አትርሱት።

ጠገራ፣ ማክሰኞ 8፡30

ቤቱ ሲፈርስ ቀድሞ የሚጠፋው ድንጋዩ ነው፣ ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገባው። ብረቱም ቢሆን ቁራሌው ወስዶት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ምናለሽ ተራ ገብቶ የከሰል ምድጃ እግር ሆኖ ነበር።

ባላገሩ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡00

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያትህ አጋሚ ነበረች ወይስ ቀንዱን ከሌላ ሰው ነው ያገኘችው? አጋሚ አንድ ቀንድ ብቻ አይኖራትም ብዬ ነው።

ኮተታም፣ ረቡዕ ማታ 4፡15

ይቅርታ ዘገየሁ። ማታ ቡና ላይ እናቴን እንደገና ጠየቅኳት። ስሙን ራሴ ጠራሁት፣ «ዋግምት ነው አይደል?» አልኳት። ስኒውን አስቀመጠች። «ማን ነገረህ?» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ሽማግሌ አሉ አልኳት፣ ጋሼ ሰላም ብላዎታለች።

አያቴ አጋሚ አልነበረችም። ቀንዱን ከሠፈራቸው አጋሚ ተውሳ ሳትመልስ ሴትየዋ ሞተችባት። የተዋሰችው ለእናቴ ነው። እናቴ በልጅነቷ ራሷን በጣም ያማት ነበር፣ አጋሚዋ ደግሞ ታማ ስለተኛች አያቴ ራሷ አደረገችላት። ይህን ስትነግረኝ ነጠላዋን ከአንገቷ ዝቅ አደረገችና ዞራ ማጅራቷን አሳየችኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጇ ሆኜ አላየሁትም። በሁለት ረድፍ የተሰመሩ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጠባሳዎች። አጎቴ ነው እጇን የያዛት።

«ታዲያ ተሻለሽ?» አልኳት።

«የት ይሻለኛል» አለች። «ደግማ እንዳታደርገኝ ብዬ ነው ዳንኩ ያልኳት። እስክትሞት ድረስ እኔ ነኝ ያዳንኳት እያለች ለሰው ስታወራ ኖረች።»

ቀንዱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ይጣል ትለኛለች ብዬ ነበር። ጫፉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ቆየት ብላ «ነጠላው የት አለ፣ የተጠቀለለበት?» አለችኝ።